«ለዶሮ ደግሞ ሐኪም?»

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ እናት ናቸው። የጻፉትን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«12 ዶሮዎች ነበሩኝ። ለፋሲካ ሁለት አውራ ዶሮ ከገበያ ገዛሁ። አንዱን አረድን፣ ሌላውን ለዳግማይ ትንሣኤ ብዬ ከዶሮዎቼ ጋር ለቀቅኩት። ትንሽ ቆዝሞ ነበር፤ መንገድ ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። እሱን አርደን ከበላን በኋላ አንዷ እንቁላል ጣይ ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ቆመች። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ዛሬ ደግሞ ሌሎች ሁለት መብላት አቁመዋል። ኩሳቸው አረንጓዴና ውሃ የመሰለ ነው። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠሽ በአረቄ አጠጫቸው ትለኛለች። የእህቴ ልጅ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፍቺና ውሃቸው ውስጥ ጨምሪ ይላል። ሐኪም ዘንድ ልሂድ ስል ባለቤቴ ‹ለዶሮ ደግሞ ሐኪም? ወጪው ከዶሮዋ ዋጋ አይበልጥም? ይልቅ ሳይሞቱ አርደን እንብላቸው› አለኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የዶሮ በሽታ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬውኑ የሚደረገውን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ሁለቱን የታመሙትን አሁኑኑ ይለዩ። ካርቶን ወይም አሮጌ ቅርጫት ይበቃል። ጭድ ያንጥፉበትና ነፋስ የማይመታው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ንጹህ ውሃ አጠገባቸው ያድርጉ። ምግብና ውሃ ሲሰጡ ሁልጊዜ ጤነኞቹን ያስቀድሙ፣ የታመሙት መጨረሻ ይሁኑ። የታመሙት ዘንድ የሚሄዱበትን ጫማ ለብቻው ያድርጉ። እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ፤ የጠረጠርኩት በሽታ የሰው ዓይን ያቀላል፣ በጥቂት ቀን የሚለቅ ቢሆንም። ከግቢዎ ዶሮ አይሽጡ፣ ለማንም አይስጡ። ነገ ጠዋት ከሁለቱ አንዷን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሌሊቱን ከሞተች የሞተችውን ይውሰዱ።

ባለቤትዎ ያነሱት የወጪ ጥያቄ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደሳቸው ነው። ግን ሒሳቡ የሚሠራው በአንዷ ዶሮ ዋጋ አይደለም። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ገና ላልታመሙት ዘጠኝ ዶሮዎች ነው። ለእርስዎ ዘጠኝ፣ ለጎረቤትዎ ደግሞ ምናልባት ስድስት፣ አጥር ተሻግረው አብረው ለሚጭሩት ሁሉ። የሚከፍሉትም በዋናነት ለመድኃኒት አይደለም። የበሽታውን ስም ለማወቅ ነው። ስሙ ከታወቀ አንዳንዴ መድኃኒት ጭራሽ አያስፈልግም፤ ያ ራሱ ገንዘብ ያድናል።

ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። በእንስሳት ሐኪምነት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት አንድ የታመመች ዶሮ በዘንቢል ይዘው መጡ። አየኋት፣ አንቲባዮቲክ ሰጠሁና ሸኘኋቸው። ቤታቸው ስንት እንደቀሩ አልጠየቅኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ዘንቢሉን ሳይዙ። ሃያ የሚሆኑ ዶሮዎቻቸው አልቀው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከእኔ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት ስንት ቀሩ?» የሚል ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ዶሮዎች። ሳላይ አልፈርድም፤ ግን የነገሩኝ ሁሉ ወደ ፈንግል ይጠቁማል። ከገበያ የመጣ የቆዘመ አውራ ዶሮ፣ ከቀናት በኋላ የመጀመሪያዋ ሞት፣ ከዚያ ሁለት በአንዴ። ፈንግል ከገባ በኋላ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ገደማ ነው፤ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድም ይችላል። የእርስዎ ቀን አቆጣጠር ልክ እዚያ ውስጥ ይወድቃል።

ፈንግል በሳይንሱ ስም የኒውካስል በሽታ ይባላል። በ1926 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ዶሮዎችን ስለፈጀ ነው ስሙን ያገኘው። ቫይረስ ነው። በትንፋሽ፣ በኩስ፣ በጫማ፣ በዘንቢል፣ በምግብ ዕቃ ይተላለፋል። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኞቹን ይጨርሳል። አንዳንዷ ታስነጥሳለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። አንዳንዷ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እግሯ አልታዘዝ ይላታል። አንዳንዷ ምንም ሳታሳይ ጠዋት ሞታ ትገኛለች።

ነገር ግን እኛ ሀገር ዶሮ በብዛት ከሞተ ሁሉም «ፈንግል» ነው የሚባለው። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የዶሮ ታይፎይድም እንዲሁ ያስቆዝማል፣ ያስቀምጣል፣ ይገድላል። ታይፎይዱ በባክቴሪያ የሚመጣ ስለሆነ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ በትክክለኛው መጠን ከተሰጠ ሞቱን ይቀንሳል። ፈንግልን ግን የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። አረንጓዴው ኩስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምግብ ያቆመች ዶሮ ሁሉ፣ ሆዷ ባዶ ስለሆነ ሐሞቷ ብቻ ይወጣና ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል።

ታዲያ በምን ይለያል? የሞተችውን ከፍቶ በማየት ነው። ለዚህ ነው ለእኛ ለሐኪሞች የሞተችው ዶሮ ከታመመችው የበለጠ የምትናገረው። ፈንግል ከሆነ ከመፍጫው ጨጓራ በፊት ያለችው ትንሿ ጨጓራ ውስጧ ብዙ ጊዜ የደም ነጠብጣብ ታሳያለች። ታይፎይድ ከሆነ ጉበቱ ያብጣል፣ ቀለሙም ወደ ነሐስ ይሄዳል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ ቢላዋና የለመደ ዓይን ይበቃል። ጥርጣሬው ከቀጠለ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ስለዚህ የሞተች ዶሮ አይጣሉ፣ ቶሎም አይቅበሩ። በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያቆዩና በዚያው ቀን ያድርሱ። በረዶ ካለ አጠገቧ ማድረግ ይቻላል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አያስገቧት፣ ሥጋው ሲቀልጥ ብዙ ምልክት ያጠፋል። በሽታውን ለመለየት ከአንድ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ዶሮ ማየት ይሻላል፤ የቻሉትን ያህል ይውሰዱ።

የት ይሂዱ? በየከተማውና በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥር የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ፤ ከዚያ ይጀምሩ። እርስዎ ደግሞ አዳማ ስለሆኑ ቢሾፍቱ ቅርብዎ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው ያለው። የዶሮ ክትባቱን የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ሲሄዱ እነዚህን በቃልዎ ይያዙ፦ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ስንቱ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ መቼ ጀመረ፣ መኖ ተቀይሯል ወይ፣ አዲስ ዶሮ ገብቷል ወይ፣ ክትባት አግኝተው ያውቃሉ ወይ። የኩሳቸውን ፎቶ በስልክ አንስተው ቢይዙ ሐኪሙን በጣም ያግዛሉ።

አሁን ወደ ነጭ ሽንኩርቱ። ጎረቤትዎ በቅንነት ነው የመከሩዎት፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነው። ነጭ ሽንኩርትም ፌጦም ጥቂቱ ከመኖ ጋር ቢቀላቀል ዶሮ አይጎዳም። ፈንግልን ግን አያቆምም። «ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ከበሽታው በራሷ የተረፈችውን ዶሮ ነው። የሞቱት አይመሰክሩም።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ አሰጣጡ ነው። የዶሮ የአየር ቧንቧ አፍ ከምላሷ ሥር ወዲያው ክፍት ሆኖ ይታያል። አፏን ፈልቅቀው አረቄም ሆነ ሌላ ፈሳሽ ሲያፈሱባት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ብዙ ዶሮ «መድኃኒቱን እንደወሰደች ሞተች» የሚባለው በዚህ ነው። በሽታው ሳይሆን ፈሳሹ ገደላት። አረቄውን ይተዉት። ውሃ መጠጣት ያቃታት ካለች በመርፌ ሳይሆን በጠብታ፣ ከመንቆሯ ጎን በኩል፣ እስክትውጥ እየጠበቁ አንድ አንድ ጠብታ ይስጧት። ተቅማጥ ላለባት ዶሮ ለሰው የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. በተጻፈው ልክ በንጹህ ውሃ በጥብጦ ማቅረብ ይቻላል። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ።

የእህትዎ ልጅ ያለው ካፕሱል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ፣ ቴትራሳይክሊን አንቲባዮቲክ ስለሆነ ፈንግል ከሆነ ምንም አይሠራም። ሁለት፣ ታይፎይድ ቢሆን እንኳ ካፕሱል ፈቶ ጆግ ውስጥ መበተን መጠኑን አያሳውቅም። የታመመች ዶሮ ደግሞ ውሃ የምትጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከመድኃኒቱ የሚደርሳት ከሁሉም ያነሰ ነው። ሦስት፣ ቴትራሳይክሊን ካልሲየም ሲያገኝ ተጣብቆ ይቀራል፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ደግሞ በካልሲየም የተሞላ ነው። አራተኛው ከሁሉም ያሳስበኛል። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ያንን እንቁላል ልጆችዎ ይበላሉ። በትንሽ በትንሹ የተለማመደ ባክቴሪያ ነገ ለልጁም መድኃኒት አልታዘዝ ይላል። ሐኪም አንቲባዮቲክ ሲያዝልዎት «እንቁላሉን ለስንት ቀን አንብላ? ሥጋውንስ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ማሸጊያው ላይም ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ስል ዶሮ በቤት አትታከም ማለቴ አይደለም። ብዙ ነገር በቤት ያልቃል። እኔ የምለየው በቀላል ነገር ነው፦ የታመመችው አንዷ ብቻ ናት? ምክንያቱስ በዓይን ይታያል?

ተጫጭረው ወይም ተነካክሰው የቆሰለች ዶሮ በቤት ትድናለች። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ፣ ቁስሉን ይጠቡ፣ እስኪደርቅ ለብቻዋ ያቆዩዋት። ደም ያዩ ዶሮዎች መልሰው እዚያው ይነክሷታልና መለየቱ ከመድኃኒቱ ይበልጣል። እንቁላል የታነቀባት ዶሮ፣ ማለት እያማጠች ለሰዓታት መጣል ያቃታት፣ ሆዷን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያስቀምጧት፣ ከዚያ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይተዉዋት። ሆዷን ተጭነው እንቁላሉን ለማውጣት አይሞክሩ፤ ውስጥ ከተሰበረ ይገድላታል። በማግስቱም ካልጣለች ሐኪም ዘንድ። ቅማል ሲኖር ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድ የሚታጠቡበት ጉድጓድ ያዘጋጁላቸው። የእንቁላል ቅርፊቱ ከሳሳ በደንብ አድርቀው የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይስጡ። እግሯን ወለም ያላት ዶሮ እረፍት ነው የምትፈልገው።

ፈንጣጣም በአብዛኛው የቤት ነው። ወባ ትንኝና ሌሎች ትንኞች ያስተላልፉታል። አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና ዓይኗ ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ እከክ ይወጣል። ሰው እከኩን ይልጠዋል፤ አይላጥ። አዮዲን ይቀቡትና በራሱ ይርገፍ። እከኩ አፏ ውስጥ ከገባና መብላት ወይም መተንፈስ ከከለከላት ግን ሐኪም ይያት።

ጫጩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ጫጩት ገዝቶ ስለሚያሳድግ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉ ጫጩቶች ላባቸውን ነፍተው ከቆሙና ኩሳቸው ደም ካለበት ኮክሲዲዮሲስ ነው የምንጠረጥረው። እርጥብ ጉዝጓዝ ይወደዋል። መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ መጠኑ ማሸጊያው ላይ አለ። እዚህ ላይ የማየው ስህተት ከመድኃኒቱ ጋር «ያበረታታቸዋል» ብሎ ቫይታሚን መቀላቀል ነው። አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ተህዋሲያኑን በማታለል ነው። ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብረው ከሰጡ መድኃኒቱን ራስዎ አከሸፉት። ቫይታሚኑ ሕክምናው ሲያልቅ ይድረስ። ጉዝጓዙንም ይቀይሩ፤ እርጥቡ ካለ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ሐኪም ሳይውሉ ሳያድሩ የሚሄዱበት ደግሞ ይህ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ከታመሙ። አንዷ እንኳ በድንገት ከሞተችና ምክንያቱ ካልታወቀ። አንገት ከተጠማዘዘ። ፊት አብጦ አተነፋፈስ ድምፅ ካወጣ። የሁሉም እንቁላል በአንዴ ከቀነሰ። እርስዎ የመጀመሪያውን አልፈዋል፣ ሁለተኛውንም አልፈዋል።

ባለቤትዎ «አርደን እንብላቸው» ያሉት ላይ ልመለስ። ኪሳራው እንደሚያም አውቃለሁ። በደንብ የበሰለ ሥጋ ላይ የፈንግል ቫይረስ አይተርፍም። ግን ገና በሽታው ፈንግል መሆኑን አላወቅንም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ከድስቱ በፊት በእጅ፣ በመክተፊያና በቢላዋ ነው ሰው ዘንድ የሚደርሰው። ደግሞም ሲታረዱ ደሙ፣ ላባውና አንጀቱ ግቢ ውስጥ ይበተናል። ውሻ ይጎትተዋል፣ ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። ለቀሩት ዘጠኝ ካሰቡ አይረዱ።

መሸጥ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ያንን የቆዘመ አውራ ዶሮ ያስታውሱ። ምናልባት ሻጩ ቤት ሌሎቹ መሞት ሲጀምሩ ነው ቶሎ ወደ ገበያ የወጣው። ፈንግል በዓል በዓል የሚሸተው በዚህ ነው፤ ዶሮ ከየአቅጣጫው ገበያ ላይ ይገናኛል፣ ሳይሸጥ የቀረው ደግሞ በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርስዎ ዘንድ ይቁም።

የሞቱትን፣ ሐኪሙ ካየ በኋላ፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ኖራ ነስንሰው ይቅበሩ። ቤታቸውን ጠርገው ጉዝጓዙን ያቃጥሉ ወይም አብረው ይቅበሩ። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ በረኪናው ከዚያ ይከተል። ኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ፀሐይ ይግባበት። ዘጠኙ ቢያልቁብዎ እንኳ፣ አያድርገውና፣ ቢያንስ አንድ ወር ሳያልፍ አዲስ ዶሮ አያስገቡ። ከዚያ በኋላም ከገበያ የሚመጣ ማንኛውም ዶሮ፣ የበዓል አውራ ዶሮም ቢሆን፣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። በአንድ እግሩ ታስሮ ጥግ መቆሙ አይበቃም፤ ውሃና መኖው፣ ቦታውም የተለየ ይሁን።

የፈንግል እውነተኛ መድኃኒት ክትባት ነው፤ እሱም ቀድሞ የሚሰጥ። አንዴ ቫይረሱ የገባባትን ዶሮ ክትባት አያድናትም፤ መከላከያው እስኪሠራ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የጎረቤቶችዎ ዶሮዎች ግን ገና ካልታመሙ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይከተቡ። ስለ ዘጠኙ ሐኪሙ አይቶ ይወስን።

ለዶሮ ማርቢያ ግቢ የሚመቸው አይ-ቱ የሚባለው ክትባት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለገጠር ዶሮ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሙቀትን ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። አንድ ጠብታ ዓይን ላይ፣ በየአራት ወሩ። ላሶታ የሚባለውም አለ፤ እሱ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ ይፈልጋል። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋልና የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በአንድ ብልቃጥ ደግሞ ሃምሳም መቶም ዶሮ ይከተባል። ዋጋው የሚከብደው ለብቻ ሲገዛ ነው። ከሰፈርዎ አምስት ስድስት ቤት ሆነው አንድ ብልቃጥ ቢገዙ፣ ባለቤትዎ የፈሩት ወጪ ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ከአንድ እንቁላል አይበልጥም።

ቀኑን እንዳይረሱ እኔ ደንበኞቼን በበዓል ነው የማስታውሳቸው። ነሐሴ ሲገባ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት። ኅዳር ሲያልቅ፣ ከገና በፊት። በዐቢይ ጾም ደግሞ የደብረ ዘይት ሰንበት፣ ከፋሲካ አራት ሳምንት በፊት። በመካከላቸው አራት አራት ወር ገደማ ነው። ገበያው ሲደራ ዶሮዎችዎ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የሚቀጥለው የእርስዎ ቀን የነሐሴው ነው፤ ጎረቤትዎን ከወዲሁ ያነጋግሯቸው። ያ ነጭ ሽንኩርት የመከሩዎትን።